ባንክ ያልተቀበላቸው ዋሶቼ

ሰው ስለ ራሱ መመስከር አይችልም። «እኔ ታማኝ ሰው ነኝ» ብሎ ወሬ የሚጀምር ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ እጃችሁ ወደ ቦርሳችሁ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ የእኔም ይሄዳል። ስለዚህ የትም አገር ቢኖር፣ ሰው ሁሉ ስለ እሱ የሚናገርለት ሌላ አፍ ያስፈልገዋል። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ቤት ሊከራይ የመጣ ሰው «ማን ያውቅሃል?» ይባላል፤ የአንድ ባለሱቅ ወይም የአንዲት አስተማሪ ስም ይጠራል፤ የቤቱ ባለቤት ነጠላዋን ደርባ ትወጣና ጠይቃ ትመለሳለች። በቃ፣ ያ ሰው ታወቀ። እዚህ ሚኒሶታ ግን ስለ እናንተ የሚናገረው ክሬዲት ስኮር የሚሉት ሦስት አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ልጅ ስታሳድጉ አላያችሁም። ጎረቤት ሲታመም ሾርባ ይዛችሁ በረዶ ላይ ስትንሸራተቱ አላያችሁም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተበድራችሁ በቀኑ መክፈላችሁን። ያልተበደረን ሰው ጭራሽ አያውቀውም። ገና እንዳልተወለደ ነው የሚቆጥረው።

እኔ በዚህ አቆጣጠር በሃምሳ አንድ ዓመቴ ገና እየተወለድኩ ነበር።

ጥፋተኛው ባለቤቴ ደምሴ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና። ይህን የምጽፈውም እሱን ላለመርሳት ነው። ስለ ክሬዲት ካርድ እያወሩ ባልን ማስታወስ እንዴት ያለ ነገር ነው የምትሉ አትጠፉምና ትንሽ ታገሡኝ፤ ሰው የሚታወስበትን ነገር ራሱ አይመርጥም፣ ሚስቱም አትመርጥለትም። ደምሴ የኩላሊት ሕሙማንን ከቤታቸው ወደ እጥበት የሚያመላልስ ቫን ሹፌር ነበር። አንድ ደቂቃ ቢዘገይ የሰው ነፍስ የሚያጠፋ ይመስለው ነበር፤ ይህ ጠባዩ ተከትሎት ቤትም ገባ። ብድር ሰውነቱ አይቀበልም። ጎረቤት መሰላል ቢያውሰው ሳይመልስ እራት አይበላም። አንዲት ክሬዲት ካርድ ነበረችው፤ እሷም ለቤንዚን ብቻ። እኔን በሁለተኛ ስም አስገብቶኛል። የካርዱ ሒሳብ፣ ቢሉ፣ የመጣ ዕለት ጫማውን ሳያወልቅ ይከፍልና፣ ሌላ ሰው «መጥቻለሁ» እንደሚለው፣ የኩሽናው በር ላይ ቆሞ «የሺ፣ ከፍያለሁ» ይለኛል። እኔም ከድስቴ ቀና ሳልል «እሺ» እላለሁ። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ ስንት ጣፋጭ ቃል ተነግሮኝ ይሆናል፤ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ግን ይኸው ነው።

በድንገት ያረፈ ጊዜ፣ ለቅሶ ደራሹ እንኳ ሳይበተን፣ እኔ ሐቀኛዋ ለካርዱ ድርጅት ደውዬ ባለቤቴ መሞቱን ተናገርኩ። «በጣም እናዝናለን» አሉኝ። ካርዱንም ዘጉት። በዚያው ያ ሁሉ ዓመት በቀኑ የተከፈለ ቤንዚን ከእኔ ስም ላይ ተነሣ። የቀረችኝ ካርድ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ለልጄ የክረምት ካፖርት ስገዛ ቅናሽ ታገኛለሽ ተብዬ አንድ ልብስ መደብር ውስጥ ያወጣኋት፣ ከዚያ ወዲህም እምብዛም ያልነካኋት።

ይህ ሁሉ የገባኝ ግን ቤት ልገዛ ስል ነው።

ክሪስታል በምትባለው ከተማ ውስጥ የተከራየናት ቤት ትንሽ ናት። ባለቤቱ ዋልተር የሚባል ሽማግሌ ነው፤ ኪራዩን በእጁ ተቀብሎ በእጁ ደረሰኝ የሚጽፍ የድሮ ሰው። ደምሴ ባረፈበት ዓመት፣ በጋው ላይ መጥቶ ኩሽና ተቀመጠና፣ ወገቡ በረዶ መጥረግ እምቢ ስላለው ሙቅ አገር ወዳለችው ልጁ እንደሚሄድ፣ ቤቱንም እንደሚሸጥ ነገረኝ። «ከሁሉ በፊት ላንቺ ነው የምለው። የሚቀጥለው ዓመት ቅጠል እስኪረግፍ ድረስ ለማንም አላሳይም» አለኝ።

ቤቱ የሚያስቀና ሆኖ አይደለም። ነገር ግን ወደ ምድር ቤት በሚወርደው ደረጃ ላይ ደምሴ የሠራው የእጅ መደገፊያ አለ። በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ፣ በሽተኛ ሳነሣ ጉልበቴን የተጎዳሁ ጊዜ፣ ልብስ ለማጠብ ስወርድ እንዳልወድቅ ብሎ እንጨት ገዝቶ፣ ለክቶ፣ ቆርጦ ሠራልኝ። አናጢ አልነበረም፤ ያስታውቃል። ታችኛው ጫፍ ላይ ሳይለሰልስ የቀረ ቦታ አለ፤ «በጋ ሲገባ በብርጭቆ ወረቀት እለሰልሰዋለሁ» እንዳለ በጋው ያለ እሱ ገባ። ስወርድ እዚያች ቦታ ላይ ሹራቤን ይይዘኛል። አዲስ ገዢ ቢመጣ መጀመሪያ ነቅሎ የሚጥለው እሱን ነው። ስለዚህ ቤቱን ልገዛ ቆረጥኩ። ለሰው ሁሉ ቤት ልገዛ ነው አልኩ፤ አንድ እንጨት ላስቀር ብዬ ነው አይባልማ። ለእናንተ ግን ምን እደብቃለሁ።

ቅድመ ክፍያው አልቸገረኝም፤ ሁለታችንም የማናባክን ነበርን። የቤት ብድር የሚሰጠው ቢሮ ሄድኩ። ቁጭ ያለው ወጣት ትሑት ነው፤ ኮምፒዩተሩን አይቶ «ምንም ዕዳ የለብሽም» አለኝ። አመሰገንኩት። ለካስ ጉድለቴን መቁጠር ጀምሮ ነው። የብድር ፋይሌ ቀጭን እንደሆነ፣ ቁጥሬ ለትንሽ እንዳነሰ፣ አንዲት ካርድ ብቻዋን ስለ ሰው ብዙ እንደማትናገር በሚገባ አስረዳኝና፣ «አንድ ካርድ ጨምሪ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ተጠቀሚበት፤ ቀኑን ሳታሳልፊ ክፈዪ። ከዓመት በኋላ ተመለሺ» ብሎ ሸኘኝ። ደምሴ ይህን ቢሰማ ኖሮ! ሴትዮዋ ታማኝ መሆኗ እንዲታወቅ ሄዳ ትበደር!

ካርድ መምረጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ወሬው ከወጣ በኋላ አማካሪ ባይ በዛብኝ። አንዷ የአውሮፕላን ቲኬት የሚሆን ነጥብ የሚሰጠውን አውጪ አለችኝ፤ ሳነበው የዓመት ክፍያው ብቻ የአንድ ወር አስቤዛዬን ያህላል። ሌላዋ ዓመት ሙሉ ወለድ የማይቆጥረውን የቤት ዕቃ መደብር ካርድ አወደሰችልኝ፤ ዓመቱ አልቆ አንዲት ሳንቲም ከቀረች ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። ይህን አማካሪዬ አላወቀችም ነበር፤ በዚያው ካርድ የገዛችው ሶፋ ላይ እንደተቀመጠች ነገርኳት፤ ሻዩም በረደ። እኔ አዲስ አበባ አስተማሪ ነበርኩ፤ አሥራ ስድስት ዓመት የተማሪ ፈተና ያረመ ዓይን ደቃቅ ጽሑፍ አይፈራም። በመነጽሬ ላይ አጉሊ መነጽር ደርቤ የስምንት ካርድ ውል አነበብኩ። ልጄ ሊዲያ፣ ያኔ የኮሌጅ ተማሪ፣ አንገቷን ነቀነቀች። «ማሚ፣ ኖ። ይህን ማንም ሰው አያነብም» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «እኔ ማንም አይደለሁም» አልኳት በአማርኛ።

በመጨረሻ የዓመት ክፍያ የሌለባትን፣ ጌጥ የሌላትን፣ ዌስት ሴንት ፖል ውስጥ ያለ አንድ ክሬዲት ዩኒየን፣ የአባላት ባንክ፣ የሚሰጣትን ካርድ መረጥኩ። ማመልከቻውን ኢንተርኔት ላይ ሞላሁ። በአሥር ሰከንድ ውስጥ እምቢ አለኝ። ደምሴን እንኳ ቤተሰቦቼ አራት ወር አጥንተውት ነው የተቀበሉት! ተናድጄ ስልክ ደወልኩ። ያነሣችው ልጅ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ማይ እባላለሁ አለችኝ። ኮምፒዩተሩ የሚመልሳቸውን ሰዎች አንዳንዴ ሰው እንደሚያያቸው ነግራኝ፣ «በአካል ነይ። በደንብ ከፋይ መሆንሽን የሚያስረዳ ነገር ካለሽም ይዘሽ ነይ» አለችኝ።

አሁን ልብ በሉ። እኔ የሃያ አራት ሴቶች እቁብ ጸሐፊ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ይዤዋለሁ። በእኛ እቁብ ዕጣ የደረሳት ሴት ገንዘቡን ይዛ ከመሄዷ በፊት ሁለት ዋስ ታቆማለች፤ እሷ ባትከፍል እኛ እንከፍላለን ብለው የሚፈርሙ ሰዎች ማለት ነው። በደንብ ከፋይ መሆኔን የሚያስረዳ ነገር? እሱማ በወረቀት አይያዝም። በመኪና ይያዛል።

ሁለት ሰው ጫንኩ። አንደኛዋ ፈቲያ ናት፤ የድሬዳዋ ልጅ፣ ፍሮግታውን ሰፈር ውስጥ የቅመማ ቅመምና የልብስ ሱቅ ያላት፣ በእቁባችን ውስጥ ከእኔ ቀጥሎ ድምፅዋ የሚሰማ። «አቦ፣ ካርድ ምን ሊያደርግልሽ ነው? እኔ ሱቄን በእቁብ አይደለም እንዴ የከፈትኩት?» እያለች ሱቋ በር ላይ «እመለሳለሁ» የሚል ወረቀት ለጥፋ መጣች። ሁለተኛው የደምሴ የአገር ቤት ወዳጅ ጋሽ ሰይፉ ናቸው፤ ከፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይነት ጡረታ የወጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው። ለሠርግም ለቀብርም የሚለብሷትን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሚሲሲፒን ተሻግረን ሮበርት ጎዳና እስክንደርስ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁኝ። «ከዚህ በፊት ከእቁብ ውጭ ማንም ዋስ ሆኖሽ ያውቃል?»

«አያውቅም፣ ጋሼ።»

«ጥሩ» አሉና ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

ማይ አንድ ወንበር ነበር ያዘጋጀችው፤ ሁለት ፈልጋ አመጣች። ጋሽ ሰይፉ ግን አልተቀመጡም። እንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ ቁም ነገር ሲሆን ግን በአማርኛ ካልሆነ አይናገሩም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «እኔ ሰይፉ ይህችን ሴት ሃያ ዓመት አውቃታለሁ። ባሏንም አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ የቀበርኩት። እሷ ባትከፍል እኔ እከፍላለሁ» አሉ። ፈቲያ ተረጎመች። ከራሷም ጨመረችበት። «ወላሂ፣ በአሥራ አንድ ዓመት የአንድ ሰው አንድ ዶላር አልጠፋም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ዘግይቼ በሰው ፊት ነው ያዋረደችኝ!»

አላዋረድኳትም። በስሟ ብቻ ነው የጠራኋት።

ማይ ጣልቃ ሳትገባ ሰማች። ወላጆቿ የመጡት ከላኦስ ነው፤ የእናቷ አጎቶችም ድሮ ለመኪና ብድር እንዲህ አብረው ሄደው እንደነበር ነገረችን፤ እነሱንም ባንኩ እንዳልተቀበላቸው። ከዚያም ለዚህ ካርድ ዋስ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ሰው የሚቆመው ለራሱ ብቻ እንደሆነ፣ የሚሞላበት ቦታም እንደሌለው በትሕትና አስረዳችና እንድናምናት ኮምፒዩተሩን ወደ እኛ አዞረችው። ጋሽ ሰይፉ መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉ። ከላይ ጀምረው ወደ ታች አነበቡ። ከሥር አንድ ባዶ ሳጥን አገኙና ጣታቸውን ጫኑበት።

«ይሄስ?» አሉ፤ አሁን በእንግሊዝኛ።

«እሱ ለማስታወሻ ነው» አለች ማይ።

«እዚህ ጻፊን።»

ልጅቷ አየቻቸው። ከዚያ ፈገግ ብላ ጻፈች። አመልካቿ በአካል መምጣቷን፣ ሰይፉና ፈቲያ የሚባሉ ሁለት ሰዎችም አብረው ቀርበው እንደመሰከሩላት። ጋሽ ሰይፉ የስማቸውን ፊደል አስቆጥረው አረሟት። ከዚያ ነው የተቀመጡት።

ነገሩ በዚህ እንዳይቀር ማይ «ሌላ ወረቀት የለሽም?» አለችኝ። ነበረኝ፤ ሊዲያ ጠዋት በግድ ያስያዘችኝ የደምሴ የብስኩት ቆርቆሮ። ስከፍተው ዋልተር በእጁ የጻፋቸው የአሥራ አራት ዓመት የኪራይ ደረሰኞች፣ በዓመት በዓመታቸው በክር ታስረው ወጡ። አንድም የጎደለ ወር የለም። ያረፈበት ወር እንኳ አለ፤ ሳይሞት ሁለት ቀን ቀድሞ ከፍሎት። ማይ ሁሉንም አንድ በአንድ አየች፤ ከዚያ «ይህን መላክ እችላለሁ» አለች። በዚያን ሰዓት አለቀስኩ ብል ያምርብኝ ነበር። አላለቀስኩም። ኮራሁ። እንዲህ ያለ ባል ነበረኝ ብዬ፣ እዚያው ባንክ ውስጥ፣ ወንበሩ እስኪጠበኝ ኮራሁ።

ከሳምንት በኋላ ካርዷ መጣች። የብድር ጣሪያዋ፣ ሊሚቷ፣ አምስት መቶ ዶላር። ለእኔ አምስት መቶ ዶላር! የእቁብ ቀን በአንድ ኪሴ ከዚያ በላይ ይዤ እውላለሁ። ፈቲያ «ችግር የለም፣ በርበሬ ትገዢበታለሽ» ብላ ሳቀችብኝ።

ባንኩ ዋሶቼን አልተቀበለም። ዋሶቼ ግን ይህን አልተቀበሉም። በተለይ ጋሽ ሰይፉ። ስማቸው ባንክ ውስጥ ተጽፏል፤ ስለዚህ ኃላፊነት አለባቸው። የመክፈያ ቀኔ በየወሩ አሥራ ሰባት መሆኑን ጠይቀው ያዙ። በመጀመሪያው ወር፣ ጠዋት ለሥራ ልወጣ መኪናዬን ሳሞቅ ደወሉ።

«የሺ፣ ዛሬ አሥራ ሰባት ነው። ከፈልሽ?»

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ሃያ ስድስት ነው።»

«ኅዳር አሥራ ሰባት ነው የምልሽ!»

«እሱማ በእኛ ነው። ባንኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ከዘጠኝ ቀን በፊት ከፍያለሁ።»

በእሳቸው እጅ ብሆን ኖሮ በመጀመሪያው ወር ስሜ ጠፍቶ ነበር። ማታውኑ የፈረንጅ ካላንደር ገዝተው ከሀበሻው አጠገብ ሰቀሉ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ስተው አያውቁም።

እኔ ነኝ የሳትኩት። የደምሴ ሙት ዓመት ቅዳሜ ዋለ። ጾም ገብቶ ስለነበር ሽሮና ምስሩ፣ ጎመኑና አልጫው በትላልቅ ድስት ተሠርቶ፣ ቤቴ ከበር እስከ በር ሰው ሞልቷል። ውጭው በረዶ ነው፤ መግቢያው ላይ የጫማ ክምር እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። እኔ ከሰው ሰው እየዞርኩ «ብሉ» እላለሁ፤ ልቤ ግን እዚያ የለም። ካህኑ ጸሎት አድርሰው፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት፣ ጋሽ ሰይፉ በግራጫ ልብሳቸው ቀስ ብለው መጡና ትከሻዬን ያዙ። ጎንበስ ብለው ጆሮዬ ላይ አንሾካሾኩ። ያዩን ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ እንባዋን ጠረገች።

ጋሽ ሰይፉ ያሉኝ «ዛሬ አሥራ ሰባት ነው» ነው።

ጭራሽ ረስቼው ነበር። ብድር የሚሰጠው ወጣት «ቀኑን ሳታሳልፊ» ያለው፣ ዋልተር፣ ቅጠሉ፣ እንጨቱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቴ ላይ መጣ። ስልኬን ከጉያዬ አውጥቼ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። እጄ መደገፊያው ላይ ሆኖ፣ ታች ስደርስ ያችው ያልለሰለሰች ቦታ የጥቁር ሹራቤን እጅጌ ያዘችኝ። እዚያው ቆሜ፣ እጅጌዬ እንደተያዘ፣ በአንድ እጄ ሠላሳ አራት ዶላር ከፈልኩ። ቤንዚን ነበር። ከዚያ ላለቅስ ፈልጌ ትንሽ ሳቅሁ፤ ደምሴ በሙት ዓመቱም ቢል አስከፈለኝ ብዬ። ወደ ላይ ስመለስ ጋሽ ሰይፉ በዓይናቸው ጠየቁኝ። ራሴን ነቀነቅሁላቸው። ከዚያ በኋላ ነው እንጀራቸውን የቆረሱት።

ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ቁጥሬ አደገ። ያ ትሑት ወጣት ኮምፒዩተሩን አይቶ «በጣም ጥሩ» አለኝ፤ እንዲህ በአጭር ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ጠየቀኝ። በቀኑ ከፈልኩ አልኩት። ምን ልበለው? የቤቱን ውል የፈረምኩ ዕለት ሁለቱም አብረውኝ መጡ። ወረቀቱ የማያልቅ ነበር፤ በያንዳንዱ ገጽ ላይ የእኔ ስም ብቻ። የሺእመቤት። የሺእመቤት። የሺእመቤት። እጄ ደከመው እንጂ እኔ አልደከመኝም። ጋሽ ሰይፉ የመጨረሻውን ገጽ አስገልብጠው አዩና «ዛሬም የዋስ ቦታ የላቸውም» አሉ። ፈቲያም «ኧረ ተዋቸው፣ አያውቁማ» አለች።

ሊዲያ መደገፊያውን ላለስልሰው ብላኝ ነበር። እንዳትነኪው አልኳት።

አሁን ሁለት ነገር አውቄያለሁ። አንደኛ፣ ማይ እንደነገረችኝ፣ አንድ ሁለት ቀን መዘግየት ቅጣት ያስከፍላል እንጂ ለዚያ ቁጥር የሚነገረው ሠላሳ ቀን ሲያልፍ ነው፤ በሙት ዓመቱ ቀን እንደዚያ መደንገጤ ትርፍ ነበር። ሁለተኛ፣ ሊዲያ ስልኬ ላይ ኦቶ ፔይ የሚሉትን አድርጋልኛለች፤ ሒሳቡ እኔን ሳይጠይቅ በየወሩ በራሱ ይከፈላል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለጋሽ ሰይፉ አልነገርኳቸውም። እናንተም ብታገኟቸው እንዳትነግሩብኝ።

በየወሩ አሥራ ሰባት ቀን፣ ጠዋት መኪናዬን ሳሞቅ ስልኬ ይጠራል።

«የሺ፣ ዛሬ አሥራ ሰባት ነው።»

«ከፍያለሁ» እላቸዋለሁ።

«እሺ» ይሉኛል፤ እኔ ድሮ ከድስቴ ቀና ሳልል እንደምለው።